የድሮ መኪና ፍሬን ሲያዝ ፊቱ ለምን ይንቀጠቀጣል? ድምፁስ ከየት ነው? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥያቄዎቹ ከቀላሉ ጀምረው ወደ ከባዱ ይሄዳሉ፤ የእርስዎን ችግር የሚመስለውን ፈልገው በቀጥታ ይሂዱበት።

ፍሬን ስይዝ መሪው እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል። ጥፋቱ የፍሬኑ ነው ማለት ነው?

ብዙ ጊዜ አዎ፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። ፍሬን ሲያዝ የመኪናው ክብደት ወደ ፊት ይጫናል። የፊት ጎማዎች፣ ጎማው የሚዞርባቸው ኩሽኔታዎች፣ ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዙት ብራቾዎችና የመሪው መገጣጠሚያዎች በዚያች ቅጽበት ከወትሮው በጣም የበዛ ጉልበት ይሸከማሉ። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ዝም ብሎ የኖረ የላላ ነገር ሁሉ ያን ጊዜ ይናገራል።

ሃምሳ ዓመት የሠራ መኪና ላይ ደግሞ የላላው ነገር አንድ ብቻ አይሆንም። ትንሽ ያልተስተካከለ ዲስክ (ከጎማው ጋር የሚዞረውና ፍሬኑ የሚቆነጥጠው ብረት) ጥብቅ ባለ መሪ ላይ ጭራሽ ላይሰማ ይችላል። ያው ዲስክ ቴስቲናው (የመሪ ዘንግ ጫፍ መገጣጠሚያ) የላሸቀ መኪና ላይ ሲገጠም መሪውን ከእጅ ሊነጥቅ ይደርሳል። ስለዚህ ዲስክ ወይም ሸራ ከመግዛትዎ በፊት ይመርምሩ እላለሁ። በግምት የተገዛ ዕቃ ገንዘብ ይበላል፤ መንቀጥቀጡ ግን እዚያው ይቀመጣል።

ከፊት ይሁን ከኋላ እንዴት እለያለሁ?

መሪው ላይ የሚሰማ መንቀጥቀጥ ብዙውን ጊዜ ከፊት ነው። መሪው ጸጥ ብሎ መቀመጫውና ወለሉ የሚርገበገብ ከሆነ ከኋላ ይጠርጥሩ። ፔዳሉ ራሱ ከእግርዎ ሥር ወደ ላይና ወደ ታች የሚመታ ከሆነ ውፍረቱ ያልተስተካከለ ዲስክ ወይም ክብነቱን ያጣ ታምቡር (ሸራው ከውስጥ የሚጫነው ክብ ብረት) አለ። የላላ ቴስቲና መሪን ያንቀጠቅጣል እንጂ ፔዳልን አይመታም። ይህን ልዩነት ልብ ይበሉ፤ ግማሹን ምርመራ ያቀልልዎታል።

ማረጋገጫው የእጅ ፍሬን ነው። ደረቅ፣ ቀጥ ያለና ባዶ መንገድ ላይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ያህል እየሄዱ የእጅ ፍሬኑን ቀስ አድርገው ይሳቡ። ጎማው እንዳይቆለፍ የመልቀቂያውን ቁልፍ ተጭነው ይያዙ። መንቀጥቀጡ ከመጣ ከኋላ ነው። ካልመጣና በእግር ፍሬን ብቻ የሚመጣ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ፊት ይዞራል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የመኪናዎ የማቆሚያ ፍሬን የትኛውን ጎማ እንደሚይዝ አስቀድመው ይወቁ። ሲትሮየን ዲኤስና 2 ሲቪ፣ ሳዓብ 99ም ላይ የሚይዘው የፊቱን ነው። የድሮዎቹ ላንድ ሮቨር ሲሪስ ላይ ደግሞ ጎማ አይይዝም፤ ከካምቢዮው ኋላ የሚወጣውን ዘንግ ነው የሚይዘው። ያ የተሠራው ለቆመ መኪና ነው። እየሄዱ ፈጽሞ አይሳቡት።

ድምፁስ ምን ይነግረኛል?

ፉጨት የመሰለ ቀጭን ጩኸት ፓዱ (ዲስኩን የሚጨብጠው) ወይም ሸራው (ታምቡሩን የሚጫነው) በጣም በፍጥነት ሲርገበገብ የሚወጣ ነው። ያናድዳል፤ አደጋው ግን ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው። ብረት ከብረት ሲፋጭ የሚሰማው ሸካራ ድምፅ ሌላ ነገር ነው። ሸራው አልቆ የተለጠፈበት ብረት ዲስኩን ወይም ታምቡሩን እየፋቀ ነው ማለት ነው፤ መኪናውን እዚያው ያቁሙ።

ፔዳሉን ሲረግጡ አንዴ ብቻ "ቋ" የሚል ምት የላላ ዕቃ ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው ሲሄድ የሚያሰማው ነው። "ጠቅ ጠቅ" እያለ ከጎማው ዙር ጋር የሚፈጥንና የሚዘገይ ድምፅ ከሚዞር ነገር ነው፤ ከጎማ፣ ከታምቡር፣ ከዲስክ ወይም ከኩሽኔታ። ሊቆሙ ሲሉ ብቻ የሚሰማ ወፍራም ማጉረምረም ደግሞ ፓዱ ዲስኩን ያዝ ለቀቅ ሲያደርግ የሚፈጠር ነው። ፍሬን ሳይያዝም የሚሰማና ኩርባ ላይ የሚለወጥ እምምታ ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኩሽኔታው ነው።

እስካሠራው ድረስ መንዳት እችላለሁ?

ጩኸት ብቻ ከሆነ ቀስ እያሉ ጋራዥ ድረስ መሄድ ይቻላል። ፔዳሉ ወደ ታች እየሰመጠ ከሄደ፣ የፍሬን ዘይት ከጎደለ ወይም ከጎማ ጀርባ እርጥበት ካዩ፣ ብረት ከብረት የሚፋጭ ከሆነ፣ መኪናው ወደ አንድ ጎን የሚስብ ከሆነ ወይም መሪው የማይጨበጥ ከሆነ ግን አይንዱት።

ይህን አጥብቄ የምናገርበት ምክንያት አለኝ። አብዛኞቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ የተሠሩ መኪኖች የፍሬን መስመራቸው አንድ ብቻ ነው። ዘመናዊ መኪና ላይ አንዱ መስመር ቢፈስ ሌላው ይቀራል። እነዚህ ላይ አንድ ቱቦ ከተቀደደ የአራቱም ጎማ ፍሬን በአንዴ ይጠፋል፤ የሚቀረው የእጅ ፍሬን ብቻ ነው።

ምርመራውን ከየት ልጀምር?

ከጎማ ይጀምሩ። ርካሹና ፈጣኑ እሱ ነው። የአየሩን ልክ ያስተካክሉ። እብጠት፣ ስንጥቅ፣ በአንድ ቦታ ብቻ የተበላ ጥርስ አለ ወይ ብለው በእጅ ይዳስሱ። ብዙ የቆመ መኪና ጎማው መሬት የነካበት ቦታ ላይ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ በተለይ የድሮው ዓይነት ናይለን ጎማ። ትንሽ ሲነዳና ሲሞቅ የሚለቅ ከሆነ ችግር የለውም፤ ካልለቀቀ ጎማው መቀየር አለበት። ዕድሜውንም ይመልከቱ። ከ2000 ዓመተ ምሕረት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ወዲህ በተሠራ ጎማ ጎን ላይ አራት አኃዝ አለ፤ 2319 ቢል የ2019 ዓመት 23ኛ ሳምንት ማለት ነው። ለትርዒት ብቻ የሚወጡ መኪኖች ጎማቸው ጥርሱ ሳያልቅ በዕድሜ ይሞታል። 10 ዓመት ያለፈውን ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም አላምነውም።

ቀጥሎ የጎማ ብሎኖች። በእኩል ጉልበት ካልጠበቁ ዲስኩን ወይም ታምቡሩን ያጣምማሉ። በመስቀለኛ ቅደም ተከተል፣ የጉልበት መለኪያ ባለው ቁልፍ፣ ማኑዋሉ በሚለው ልክ ያጥብቋቸው። አንዳንድ ጊዜ ሙሉው ችግር ይኸው ብቻ ሆኖ ይገኛል። ከዚያ ኩሽኔታ፣ ከዚያ መሪና ብራቾ፣ በመጨረሻ ፍሬኑ። ፍሬኑን መጨረሻ ያደረግኩት ከበፊቶቹ አንዱ ከላላ የፍሬኑ ልኬት ራሱ ስለሚዋሽ ነው። መኪናውን ሲያነሱ ክሪክ ብቻውን አይበቃም፤ ጠንካራ የብረት መደገፊያ ሳያስገቡ ሥሩ አይግቡ።

ጎማውን ስወዘውዘው ጨዋታ አለው። ኩሽኔታው ነው ወይስ ኪንግ ፒኑ?

ጎማው ከመሬት ተነሥቶ ከላይና ከታች ይዘው ይወዝውዙት። ጨዋታ ከተሰማዎ ሌላ ሰው የእግር ፍሬኑን አጥብቆ እንዲረግጥ ያድርጉና እንደገና ይወዝውዙ። ፍሬኑ ጎማውንና የማይዞረውን ክፍል አንድ ላይ ያስራቸዋል። ስለዚህ ጨዋታው ከጠፋ የላላው ኩሽኔታው ነው። ካልጠፋ መሪ ሲዞር ጎማው የሚታጠፍበት ኪንግ ፒን ወይም ቦል ጆይንት ነው። ከግራና ከቀኝ ይዘው ሲወዘውዙ ብቻ የሚሰማ ጨዋታ ደግሞ ወደ ቴስቲናዎቹና ወደ መሪው ሳጥን ይመራዎታል።

ኩሽኔታው ከሆነ ወዲያው ለመቀየር አይቸኩሉ። የድሮ መኪኖች የፊት ኩሽኔታ አብዛኛው የሚስተካከል ነው። ጎማውን እያዞሩ ዳዶውን ጠበቅ አድርገው ኩሽኔታዎቹን ቦታቸው ላይ ያስቀምጡ፤ ከዚያ መልሰው ለቀቅ ያድርጉት። የሚቀረው ጨዋታ በጣም ትንሽ ነው። ብዙ መኪኖች ላይ ከ0.02 እስከ 0.12 ሚሊ ሜትር ውስጥ ይወድቃል፤ ትክክለኛውን ማኑዋሉ ይነግርዎታል። አጥብቆ መተው ከማላላት የባሰ ነው፤ ኩሽኔታው ሞቶ ይቃጠላል። መቆለፊያዋን ስንጥቅ ሽቦ ሁልጊዜ በአዲስ ይቀይሯት።

ኪንግ ፒን ያለው መኪና ደግሞ ግራሶ ይፈልጋል። ብዙዎች ግራሶ የሚወጉት መኪናው በጎማው እንደቆመ ነው። ፊቱን አንሥተው፣ ክብደቱን ከላዩ ላይ አውርደው ቢወጉት ቅባቱ ጭነት ተሸክሞ ተጣብቆ የነበረው ቦታ ድረስ ይገባል።

"ዲስኩ ተጣሟል" ተባልኩ። እውነት ነው?

ዲስክ በሙቀት ጎብጦ ቀረ የሚባለው ነገር ከሚታሰበው በጣም ያነሰ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሆነው የውፍረት ልዩነት ነው። ዲስኩ ዙሪያውን እኩል አይወፍርም። ቀጭኑ ቦታ በፓዶቹ መካከል ሲያልፍ ፓዱን የሚገፋው ፒስተን ወደ ዲስኩ ይጠጋል፣ ወፍራሙ ሲመጣ ወደ ኋላ ይገፋል፤ ፔዳሉን የሚመታው እሱ ነው። 0.02 ሚሊ ሜትር አካባቢ የሆነ ልዩነት እንኳ እግር ላይ ሊሰማ ይችላል። የሰው ጸጉር ከዚያ ይወፍራል።

ይህ ልዩነት የሚፈጠረው እንዲህ ነው። ዲስኩ ሲገጠም ትንሽ ዘመም ብሎ ተቀመጠ እንበል። ፍሬን ባልተያዘበት ጊዜ ሁሉ፣ በእያንዳንዱ ዙር፣ ያቺው አንድ ቦታ ፓዱን ትነካለች። በሺህ ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ያቺ ቦታ ትሳሳለች። ለዚህ ነው አዲስ ዲስክ ሲገጠም ጥሩ ሆኖ ከወራት በኋላ መንቀጥቀጥ የሚጀምረው። ሰው ግን "ዕቃው ጥራት የለውም" ብሎ ሌላ ይገዛል፤ በዚያው ዘመም ያለ ቦታ ላይ ይገጥመዋል፤ ታሪኩ ይደገማል።

ሁለተኛው ምክንያት የፓዱ ቁስ ዲስኩ ላይ እኩል ሳይሆን መለጠፉ ነው። ከከባድ ቁልቁለት በኋላ ዲስኩ ግሎ ሳለ ፔዳሉን ረግጠው ቢቆሙ ፓዱ የነካው ቦታ ላይ የራሱን ቅርጽ ማኅተም ጥሎ ይሄዳል። ይህ ቀላል ከሆነ በብርጭቆ ወረቀት መፋቅና እንደገና በአግባቡ ማለማመድ ያስተካክለዋል።

ዲስኩን ራሴ መለካት እችላለሁ?

ይችላሉ፤ ደስ የሚል ሥራም ነው። ሁለት መለኪያ ያስፈልጋል። አንዱ ማይክሮሜትር ነው። ከዲስኩ ጠርዝ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ገባ ብለው ዙሪያውን ስምንት ቦታ ላይ ውፍረቱን ይለኩና ይጻፉ። በትልቁና በትንሹ መካከል ያለው ልዩነት የውፍረት ልዩነቱ ነው። ትንሹ ቁጥር ዲስኩ ላይ ወይም ማኑዋሉ ላይ ከተጻፈው ዝቅተኛ ውፍረት ካነሰ በቶርኖ፣ በብረት መላጫ ማሽን፣ መላጥ አያስፈልግም፤ ዲስኩ አልቋል።

ሁለተኛው ባለ ሰዓት መለኪያ፣ ዳያል ጌጅ የሚሉት ነው። መጀመሪያ የኩሽኔታውን ጨዋታ ያስተካክሉ፤ አለዚያ የሚለኩት ኩሽኔታውን ነው። ዲስኩን በጎማው ብሎኖች አጥብቀው፣ መለኪያውን ከማይንቀሳቀስ ክፍል ላይ አስረው፣ አንድ ሙሉ ዙር ያዙሩት። ብዙ የድሮ መኪኖች ላይ ዝመቱ፣ ማለትም ዲስኩ ሲዞር ወደ ጎን የሚወዛወዝበት መጠን፣ ከ0.10 ሚሊ ሜትር አካባቢ በላይ እንዲሄድ አይፈለግም። ከበለጠ ዲስኩን ነቅለው ጎማው የሚታሰርበትን ሀብ ያጽዱ። ሀቡ ላይ ያለች 0.05 ሚሊ ሜትር ዝገት ዲስኩ ጠርዝ ላይ ስትደርስ ወደ እጥፍ ትጠጋለች። ከዚያም ዲስኩን በሌላ ቀዳዳ አዙረው ይግጠሙና እንደገና ይለኩ። የዲስኩና የሀቡ ዝመት እርስ በርሱ የሚጠፋፋበት አቀማመጥ ብዙ ጊዜ ይገኛል። አንድ ሳንቲም አያስወጣም።

የእኔ መኪና ፊቷም ታምቡር ነው። እሷስ?

ታምቡር ክብነቱን ሲያጣ ሞላላ ይሆናል። በዝግታ እየሄዱ ፔዳሉን ነካ ሲያደርጉት በአንድ የጎማ ዙር ሁለት ጊዜ ይመታል። ለመቁጠር የሚረዳ ዘዴ አለ። አንድ የተለመደ ጎማ ዙሪያው 1.9 ሜትር ያህል ነው፤ ስለዚህ በሰዓት 7 ኪሎ ሜትር ሲሄዱ በሰከንድ አንድ ዙር ይዞራል። በዚያ ፍጥነት በሰከንድ አንድ ምት ከተሰማዎ አንድ ያበጠ ቦታ ወይም ከመሃል የወጣ ታምቡር ነው። ሁለት ምት ሞላላ ነው።

ሞላላን ቶርኖ ቤት ያስተካክለዋል፤ ግን ገደብ አለው። ታምቡሩ ላይ የሚፈቀደው ትልቁ ስፋት ብዙ ጊዜ ተቀርጾበታል። ከመጀመሪያው ስፋት ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው የሚጨመረው። ከዚያ ካለፈ ታምቡሩ ይሳሳል፣ ቶሎ ይግላል፣ እንደገና ይጣመማል። የሚቻል ከሆነ ታምቡሩ ከሀቡ ጋር ታስሮ እንዲላጥ ይጠይቁ፤ መሃሉን ሳይስት የሚላጠው እንዲያ ነው።

ከመላጥ በኋላ የሸራው ክብ ከታምቡሩ ክብ ጋር መግጠም አለበት። የታምቡሩ ስፋት ሲጨምር የድሮው ልክ ሸራ መሃሉ ላይ ብቻ ይነካል፤ ፔዳሉ ይለሰልሳል። የሸራው ክብ ከታምቡሩ ከሰፋ ደግሞ ሁለቱ ጫፎች ብቻ ይነካሉ፤ ፍሬኑ ይነክሳል፣ ይጮኻል፣ ፊቱን ያንቀጠቅጣል። ሸራው ላይ ጠመኔ ቀብተው ታምቡሩን አስገብተው ያዙሩት፤ ጠመኔው የለቀቀበት ቦታ የሚነካውን ይነግርዎታል። እባክዎ አቧራውን በአየር አይንፉት። የድሮ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል፤ ሳንባን ይጎዳል። አርጥበው ይጥረጉ፣ ማስክ ያድርጉ።

ታምቡሩን ካስላጥኩ በኋላ "ጠቅ" የሚል ድምፅ መጣ። ምንድን ነው?

የመላጫው ስለት በፍጥነት ከሄደ ታምቡሩ ውስጥ እንደ ብሎን ጥርስ የሚዞር ጎድጓዳ መስመር ይተዋል። ፍሬን ሲያዝ ሸራው ያንን መስመር ተከትሎ ወደ ጎን ይሳባል፤ ምንጩ ሲመልሰው "ጠቅ" ይላል። ታምቡሩን እንደገና በቀስታ ማስላጥ ወይም ዙሪያውን በብርጭቆ ወረቀት አቋርጦ ማሸት ይበቃል። ሸራው የሚንሸራተትባቸው ስድስቱ ያህል የጀርባ ብረት ነጥቦች ተበልተው ጎድጉደው ከሆነም ተመሳሳይ ድምፅ ይመጣል። አስተካክለው ሙቀት የሚችል ቅባት ጠብ ያድርጉባቸው፤ ሸራው ግን እንዳይነካው።

ፍሬን ስይዝ አንዴ "ቋ" ይላል፣ ከዚያ ዝም ይላል። የት ልፈልግ?

በመጀመሪያ የካሊፐሩን (ፓዶቹን ይዞ ዲስኩን የሚቆነጥጠው ክፍል) ማሰሪያ ብሎኖች ይመልከቱ። ካሊፐር ከላላ ሌላው ሁሉ ይጠብቃል። ቀጥሎ ብራቾው ላይ ያሉት ጎሚኒዎች (የላስቲክ ማለዘቢያዎች)። በተለይ ከብራቾው ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ሄዶ ቻሲው ላይ የሚታሰር ዘንግ ያላቸው መኪኖች ላይ የዚያ ዘንግ ጎሚኒ ሲያልቅ ጎማው ፍሬን በተያዘ ቁጥር ወደ ኋላ ይሸሻል። አንድ ሰው ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያስኬደ በዝግታ ፍሬን ሲይዝ ሌላው በጎን ቆሞ ጎማው ከጭቃ መከላከያው ጋር ያለውን ክፍተት ይመልከት። ወደ ኋላና ወደ ፊት ከዘለለ አገኙት።

ሁለት የድሮ መኪና ብቻ የሆኑ ቦታዎች ልጨምር። አንዱ የሽቦ ቸርኬ ነው፤ መሃሉ ላይ በአንድ ትልቅ ዳዶ የሚታሰረው። ቸርኬው ሀቡ ላይ የሚይዘው በጥርሶች ነው፤ ጥርሶቹ ሲበሉ ፍሬን ሲያዝም ሲነሣም "ቋ" ይላል። ጎማውን አንሥተው ፍሬን አስረግጠው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያዙሩት፤ ትንሽ ከዞረ ጥርሱ አልቋል። ይህ ቀልድ አይደለም፤ ጥርሱ ጨርሶ ከሄደ ጎማው ያለ ፍሬን ይዞራል። ሁለተኛው ኤምጂቢና ሞሪስ ማይነር የመሳሰሉት ላይ ነው። እነሱ ላይ የፊቱ አሞርዛተር ራሱ የላይኛው ብራቾ ነው። ዘይቱ ቢሞላም ዘንጉ ውስጡ ላሽቆ ከሆነ ሙሉው የፊት ጎማ ይወዛወዛል። ብዙ ሰው ቦል ጆይንትና ጎሚኒ ቀያይሮ ይህን ሳይነካ ያልፋል።

ጩኸቱ ብቻ ነው ያስቸገረኝ። መንቀጥቀጥ የለም።

ፓዱን ያውጡ። ፊቱ እንደ መስታወት ካብለጨለጨ በሸካራ ብርጭቆ ወረቀት ያደብዝዙት። የሚገባበትን ጫፍ በሞረድ ትንሽ ሰያፍ ያድርጉት። ከፓዱ ጀርባ የሚገቡ ቀጫጭን የብረት ወረቀቶች የነበሩት መኪና ከሆነ መኖራቸውን ያረጋግጡ፤ በየጥገናው የሚጣሉ ናቸውና። ከጀርባው ለፍሬን የተሠራ ሙቀት የሚችል ቅባት በስሱ ይቀባል። በፊቱ ላይ ፈጽሞ አይደረግም።

ይንቀጠቀጣል፣ ወደ አንድ ጎንም ይስባል። ምን ማለት ነው?

አንዱ ጎማ ከሌላው የተለየ ይይዛል ማለት ነው። ሸራው ላይ ዘይት ወይም ግራሶ ፈስሶ ሊሆን ይችላል፤ ፒስተኑ ዝጎ ተጣብቆም ሊሆን ይችላል። ትንሽ ነድተው በጀርባ እጅዎ ቸርኬዎቹን ቀረብ ብለው ያነጻጽሩ። በጣም የጋለው ያልለቀቀ ነው፤ ቀዝቃዛው ያልያዘ ነው።

ያልለቀቀውን ሲያገኙ ወደ ካሊፐሩ ከመሮጥ በፊት ከላስቲክ የተሠራውን የፍሬን ቱቦ ይጠርጥሩ። ያረጀ የፍሬን ጎማ ቱቦ ከውጭ ደህና መስሎ ውስጡ ያብጣል። እግርዎ ዘይቱን በኃይል ያሳልፈዋል፤ ለመመለስ ግን ኃይል የለውም፤ ጎማው እንደተያዘ ይቀራል። ጎማው ተጣብቆ ሳለ የቱቦውን የላይኛ ጫፍ፣ ከብረት መስመሩ ጋር የሚገናኝበትን፣ ትንሽ ይፍቱ። ከለቀቀ ችግሩ ከላይ ነው፤ የፍሬን ፖምፓው ወይም ምንም ነጻ ጉዞ የሌለው ፔዳል። ካልለቀቀ የካሊፐሩን አየር ማስወጫ ይፍቱ። አሁን ከለቀቀ ጥፋተኛው ቱቦው ነው። አሁንም ካልለቀቀ ፒስተኑ ተጣብቋል። ቱቦ ሲቀየር የግራና የቀኙ አብረው ይቀየሩ፤ ዕድሜያቸው አንድ ነው።

ለምን በሰዓት ከ80 እስከ 100 ባለው ብቻ ይንቀጠቀጣል?

በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ጎማው በሰከንድ 12 ጊዜ ያህል ይዞራል። የብዙ መኪኖች የፊት ክፍልና መሪ በተፈጥሮው መወዛወዝ የሚወደው በሰከንድ ከ10 እስከ 15 ጊዜ አካባቢ ነው። ሁለቱ ሲገጣጠሙ ትንሽዋ ስሕተት ትጎላለች። ከዚያ በላይም በታችም ስሕተቱ አለ፤ አይሰማም እንጂ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ይለዩ። ፍሬን ሳይይዙ በዚያው ፍጥነት ትንሽም ቢሆን የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የጎማ ባላንስ ወይም የተጣመመ ቸርኬ አለ። መጀመሪያ እሱ ይስተካከል። ፍሬን ሲያዝ ብቻ ከሆነ ዲስኩንና ታምቡሩን ይለኩ፤ ያን ስሕተት የሚያጎላውን የላላ መገጣጠሚያም አብረው ይፈልጉ።

ሲሞቅ ብቻ ነው የሚመጣው፤ ጠዋት ደህና ነው።

ዲስኩን ወይም ታምቡሩን በብርሃን ይመልከቱ። ሰማያዊ ወይም ጠቆር ያሉ ነጠብጣቦች ካሉ ብረቱ በሙቀት ተለውጦ እዚያ ቦታ ላይ ጠንክሯል። እነዚህ ቦታዎች ከሌላው ያነሰ ይበላሉ፣ ሲግሉም ያብጣሉ። ቶርኖ ብዙ አይረዳም፤ ስለቱ ጠንካራው ቦታ ላይ ሲደርስ ይዘለላል፣ ጉብታው ይቀራል። ዲስኩን መቀየር ይሻላል። ከዚያ በፊት ግን ለምን እንደዚያ እንደጋለ ይወቁ፤ ብዙ ጊዜ በደንብ የማይለቅ ፒስተን አለ።

ሲሞቅ ፔዳሉም የሚለሰልስ ከሆነ ዘይቱ አርጅቷል። አዲስ ዶት 4 (የፍሬን ዘይት ደረጃ ነው) ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አይፈላም፤ ውኃ ሲጠጣ ግን መነሻው ወደ 155 ይወርዳል። ዶት 5 የሚባለው ሲሊከን ሌላ ዝርያ ነው፤ ከዶት 3 ወይም ከዶት 4 ጋር አይቀላቀልም።

ዲስክ፣ ፓድ፣ ሁሉንም አዲስ አደረግኩ። ጭራሽ ባሰ።

ሀቡ ሳይጸዳ ተገጥሞ ይሆናል። የአዲሱ ዲስክ መከላከያ ዘይት ሳይታጠብ ቀርቶ ይሆናል። ወይም አዲሱ ፓድ ሳይለማመድ ተጨንቆ ይሆናል። ሲለማመድ ከሰዓት 50 ወደ 15 ኪሎ ሜትር አሥር ጊዜ ያህል መጠነኛ አያያዝ ይበቃል፤ በመካከሉ እየነዱ ማቀዝቀዝ፣ ግሎ ሳለ ረግጦ አለመቆም።

ሌላም ምክንያት አለ። ጥሩ የሚይዝ ፍሬን የላላ መሪ ላይ የበለጠ ጉልበት ይጥላል። አሮጌው ደካማ ፍሬን ይሸፍነው የነበረውን የላሸቀ ጎሚኒ አዲሱ አወጣው። እንዲህ ከሆነ የገዙት ዕቃ አልባከነም፤ ሥራው ግን አላለቀም።

ፊቷ ባሌስትራ ነው። ፍሬን ስይዝ መሪው ግራና ቀኝ ይደንሳል።

ፊቱ ሙሉ አክሰል ሆኖ በባሌስትራ፣ በተነባበረ የብረት ቅጠል ምንጭ፣ የተቀመጠ መኪና የራሱ ባሕርይ አለው። ፍሬን ሲያዝ አክሰሉ ከጎማው ጋር ወደ ፊት ሊጠማዘዝ ይሞክራል። ባሌስትራው ይታጠፋል፣ የኪንግ ፒኑ ራስ ወደ ፊት ያዘነብላል። መሪውን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ያ ወደ ኋላ ያለው ዘንበል ይቀንሳል፤ ጎማዎቹ መደነስ ይጀምራሉ። ባሌስትራው ከደከመ፣ አክሰሉን የሚያስሩት ብሎኖች ከላሉ ወይም የባሌስትራው ጎሚኒዎች ካለቁ ይብሳል።

ብሎኖቹን በልካቸው ያጥብቁ፣ ቅጠሎቹ የተሰበሩ መሆን አለመሆናቸውን ይመልከቱ፣ ከዚያ የኪንግ ፒኑን ዘንበል ያስለኩ። ካነሰ ከባሌስትራውና ከአክሰሉ መካከል በሚገባ ሽብልቅ ይስተካከላል። ሽብልቁን ግን የላሸቀ ኪንግ ፒን ለመሸፈን አይጠቀሙበት።

ሁሉንም ለካሁ፣ ሁሉም ልክ ነው። አሁንም ይንቀጠቀጣል።

መለካት ሲያልቅ መለዋወጥ ይጀመራል፤ አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ። የፊቱን ጎማዎች ከነቸርኬያቸው ወደ ኋላ ይውሰዱ። መንቀጥቀጡ ከመሪው ወደ መቀመጫው ከሄደ ጎማ ወይም ቸርኬ ነው። ካልሄደ የግራና የቀኙን ዲስክ ያቀያይሩ። ሁለት ነገር በአንዴ ከለወጡ የትኛው እንደረዳ አያውቁም።

ከዚያም ብዙ የማይታዩ ቦታዎች አሉ። የመሪው ሳጥን ቻሲው ላይ የሚታሰርበት ቦታ ዙሪያውን አጽድተው ስንጥቅ ይፈልጉ፤ በዕድሜ የሚሰነጠቅ ቦታ ነው። ሞተሩ የሚቀመጥባቸው ጎሚኒዎች ካለቁ ፍሬን ሲያዝ ሞተሩ ወደ ፊት ይንሸራተታል፤ ፍሪሲዮን ረግጠው ፍሬን ሲይዙ ነገሩ ከተለወጠ ወደዚያ ይሂዱ። የሞተሩ ጉልበት ወደ ፊት ጎማዎቿ የሚሄድ መኪና ከሆነች የአክሰሉን የውስጥ መገጣጠሚያ ይመልከቱ። ዲስኮቿ ከጎማው ርቀው ካምቢዮው አጠገብ ያሉ፣ እንደ ሲትሮየን ዲኤስ የሆነች ከሆነ ደግሞ ዲስኩን የሚይዘውን የካምቢዮ መውጫ ኩሽኔታ በባለ ሰዓት መለኪያው ይለኩ። እዚያ ላይ የጎማውን ኩሽኔታ ማጥበቅ ለዲስኩ ምንም አያደርግም።